የዘር ጠባቂው ቫቪሎቭና የደጃችን አበባ

ማንኛውም የግንባታ ሥራ የሚጀመረው አፈርን በመግፈፍ ነው። መንገድም ይሁን ሕንፃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያም ይሁን የትምህርት ቤት ቅጥር፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት የላይኛው ለም አፈር ተጠርጎ ወደ ጎን ይጣላል። በሥራ ዝርዝራችን ውስጥ ይህ ተግባር በሜትር ኩብ ተለክቶ፣ ዋጋው ተሰልቶ፣ በአንድ መስመር ተጽፎ የሚታለፍ ነው። በዚያ አፈር ውስጥ ምን እንዳለ ግን የሥራ ዝርዝሩ አይናገርም። በአንድ ክንድ አፈር ውስጥ የአደይ አበባ፣ የመች፣ የማገጥና የሌሎችም የዱር አበቦች ዘር ተኝቶ ዝናብን ይጠብቃል። አፈሩ ሲጣል ያ ሁሉ አብሮ ይጣላል።

ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች መካከል በጉራጌ ተራሮች ግራና ቀኝ የሚገኙት ወልቂጤና ቡታጅራ ይጠቀሳሉ። አንደኛዋ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው፣ ሁለተኛዋ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆሩ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በፍጥነት እየሰፉ ያሉ ከተሞች ናቸው። አስፋልቱና ጌጠኛ ድንጋዩ፣ የግንብ አጥሩና የሲሚንቶ ደጁ ለነዋሪው ብዙ ጥቅም አስገኝቷል፤ ይህንን የሚክድ መሐንዲስ አይኖርም። ሆኖም በመስከረም ወር በየአጥሩ ሥር ቢጫ ሆኖ ይታይ የነበረው አበባ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ገጠሩ እየሸሸ መሄዱን ልብ የሚል ሁሉ ያየዋል። አበባው ሲሸሽ ንቡና ቢራቢሮው፣ ዘር ለቃሚዋም ወፍ አብረው ይሸሻሉ።

ይህንን ማስመለስ ይቻላል ወይ? ከዘር ጀምሮ አነስተኛ የአበባ መደብ ማልማት ምን ይጠቅማል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ከሁሉ አስቀድሞ የአንድን ሰው ሕይወት መመልከት ይገባል። ያ ሰው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። ዘር ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት ከእርሳቸው ይበልጥ የተረዳ፣ ለእርሱም ሲል ከእርሳቸው ይበልጥ ዋጋ የከፈለ ሰው በታሪክ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በውጭ አገር የተፈጸሙት ድርጊቶች በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በአገራችን የተፈጸሙት ደግሞ በሁለቱም አቈጣጠር ተመልክተዋል።

ትውልድና ትምህርት

ቫቪሎቭ ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይም ኋላ ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ ሆነዋል። አባትየው ልጃቸው ንግድን እንዲማሩ ቢያደርጉም የወጣቱ ልብ ወደ ዕፅዋት አዘነበለ። ያደጉበት ዘመን በሩሲያ ገጠር ረኃብ እየተመላለሰ ሕዝብ የሚያልቅበት ዘመን ነበረ። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ በ1891 እና በ1892 የደረሰው ረኃብ ለብዙ ዘመን ከሚታወሱት አንዱ ነው። እንዲህ ባለው አገር ያደገ ተማሪ የእህልን ነገር የሕይወቱ ሥራ አድርጎ ቢመርጥ አያስደንቅም።

በ1906 በሞስኮ ወደሚገኘው የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ። በዚያም የዘር ውርስ ጥናት፣ ማለት የጄኔቲክስ፣ መሥራች ከሚባሉት አንዱ በሆኑት በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ምርምር አደረጉ። በዚያን ጊዜ ያነሡት ጥያቄ ስንዴ በዋግና በመሳሰሉት በሽታዎች ሲመታ አንዳንዱ ዝርያ ለምን ሳይነካ ይቀራል የሚል ነበረ። መልሱ ያለው በልዩ ልዩነት ውስጥ መሆኑን ተረዱ። አንድ ዓይነት ዘር ብቻ የተዘራበት እርሻ በአንድ በሽታ ይጠፋል፤ ብዙ ዓይነት ዘር ያለበት አገር ግን ከመካከሉ የሚተርፍ አያጣም።

ከአረም የተገኘ ትምህርት

በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሰሜን ፋርስ የሰፈረው የሩሲያ ጦር የአገሩን ዳቦ እየበላ ራሱን ይስት፣ ይታመም ነበር። ምክንያቱን እንዲመረምሩ ከተላኩ በኋላ ቫቪሎቭ ስንዴው ከእንክርዳድ ጋር ተቀላቅሎ መፈጨቱን ደረሱበት። የእንክርዳድን ነገር የኢትዮጵያ ገበሬም ያውቀዋል፤ በጤፍና በስንዴ መካከል ገብቶ የበላውን ሰው የሚያሰክር አረም ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ግን ጉዳዩን በዚህ አልጨረሱትም። እግረ መንገዳቸውን እስከ ፓሚር ተራሮች ድረስ ዘልቀው በየእርሻው ያለውን አረም መመልከት ጀመሩ።

እዚያም ታላቅ ነገር አስተዋሉ። ራይ የተባለው የቀዝቃዛ አገር እህል በቆላው የስንዴ እርሻ ውስጥ አረም ነበር፤ ገበሬውም ይነቅለዋል። ወደ ደጋው በተወጣ ቁጥር ግን ስንዴው እየደከመ፣ አረሙ እየበረታ ይሄዳል። ከተራራው ራስ ላይ ሲደረስ ስንዴው ጠፍቶ ራዩ ብቻውን ይታጨዳል። እንግዲህ የሰሜን አውሮፓን ሕዝብ የሚመግበው እህል በመጀመሪያ ማንም ያልፈለገው አረም ነበር ማለት ነው። በ1917 ይህንን ጥናት አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ለቫቪሎቭ ንቆ የሚተው ቡቃያ አልነበረም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በደጋው የገብስ እርሻ ውስጥ የሚበቅለው ስናር ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ከገብሱ ጋር ተወቅቶ፣ አብሮ የሚበላ በአረምና በእህል መካከል ያለ ተክል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው መች ደግሞ ዘይት የምንጨምቅበት የኑግ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ኑግ በገበታችን ላይ ሲከበር ዘመዱ መች በጎዳና ዳር ይረገጣል። ቫቪሎቭ ቢያዩት ኖሮ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ጠቅልለው፣ በአንድ ሣጥን ባስቀመጡ ነበር።

በአምስት አህጉራት

በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በ1921 ደግሞ ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የአዝርዕት ምርምር ክፍልን መምራት ጀመሩ። በዚያ ዓመት በቮልጋ ወንዝ አካባቢ እጅግ ብርቱ ረኃብ ገብቶ ነበር። ቫቪሎቭ ይህንን እያዩ አንድ ትልቅ ሐሳብ ነደፉ። ሐሳቡም በዓለም ላይ ያሉትን የአዝርዕት ዓይነቶችና የዱር ዘመዶቻቸውን ዘር ከያሉበት ሰብስቦ፣ በአንድ ስፍራ ጠብቆ፣ ረኃብን የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት መጠቀም ነበር።

ይህንንም በጽሑፍ ብቻ አልተዉትም። በ1924 አፍጋኒስታንን በፈረስ አቋረጡ። በ1926 የሜዲትራንያን አካባቢ አገሮችን ተዘዋወሩ። በ1929 ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ወደ ጃፓንና ወደ ኮርያ፣ ከዚያም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። አብረዋቸው የሠሩት ሁሉ የሚመሰክሩት ጥቂት የሚተኙ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ሳይደክማቸው ሌላውን የሚያደክሙ ሰው እንደነበሩ ነው። በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ እህሎች በዓለም ላይ በእኩልነት እንዳልተሠራጩ፣ ይልቁንም በጥቂት ተራራማ አገሮች ውስጥ ተከማችተው እንደሚገኙ አስረዱ። ከነዚህም አንዷ ኢትዮጵያ ናት አሉ።

በኢትዮጵያ

ቫቪሎቭ ወደ አገራችን የመጡት በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ) ነው። ከጅቡቲ ተነሥተው አዲስ አበባ ሲገቡ በወቅቱ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። ከዚያም ስንቅና በቅሎ አዘጋጅተው ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። በጎንደርና በአክሱም በኩል አድርገው ኤርትራ እስኪደርሱ ድረስ በየመንደሩ ከገበሬው ዛላ እየለመኑ፣ በየገበያው ከእያንዳንዱ ቁና ጭብጥ እየወሰዱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን ሰበሰቡ።

ያዩት ሁሉ አስደነቃቸው። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ጥቁርና ነጭ፣ ሐምራዊና ቀይ ስንዴ ተቀላቅሎ ቆሞ አገኙ። ጤፍና ኑግ እዚህ የዕለት እንጀራና ወጥ ነበሩ። በአክሱም አካባቢ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ ባገኙ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ ስንዴ ሊኖር እንደሚችል አስቀድመው በጥናታቸው አስበው ነበርና። በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ብቻ የሚናገር ጥናት አሳተሙ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ኋላ የመጡ ሊቃውንት የቫቪሎቭን አስተያየት በአንዳንድ ነገር አርመውታል። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የነዚህ እህሎች ዓይነት የበዛባትና የተራባባት አገር መሆንዋ ዛሬ የታወቀ ነው። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን የገዛ ራሷ ናቸው። የአገራችን ገበሬ የሺህ ዓመታት ትዕግሥት ያለው የዘር ባለሙያ መሆኑን ከዓለም ሊቃውንት ቀድመው ከተናገሩት አንዱ በመሆናቸው ቫቪሎቭ ባለውለታችን ናቸው።

ውድቀት

ከ1929 ጀምሮ ቫቪሎቭ የአገሪቱ የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሚመሩትም ምርምር ተቋም በዓለም ላይ ተወዳዳሪ ያልነበረው የዘር ክምችት ባለቤት ሆኖ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ከፋ። መንግሥት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ምርት በእጥፍ እንዲጨምር ይፈልግ ነበር፤ እውነተኛ የዘር ምርምር ግን አሥርና ከዚያም በላይ ዓመታት ይጠይቃል። በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባሉት ሰው ተነሥተው የዘር ውርስን ሳይንስ በመካድ ፈጣን ምርት እንደሚያስገኙ ቃል ገቡ። ባለ ሥልጣኖችም መስማት የፈለጉት ይህንን ነበርና አመኗቸው። በ1938 የአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ለሊሴንኮ ተሰጠ።

ቫቪሎቭ ሐሳባቸውን ለውጠው ሰላም ማግኘት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን፣ በቼርኒቭጺ ከተማ አካባቢ፣ እንደ ልማዳቸው ዘር ሲሰበስቡ ውለው ሳለ ተይዘው ታሠሩ። ከብዙ ወራት ምርመራ በኋላ ጁላይ 9 ቀን 1941 የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በ1942 ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እሥራት ቢለወጥም አልጠቀማቸውም። ጃኑዋሪ 26 ቀን 1943፣ በአንድ ወቅት በክብር ባስተማሩባት በሳራቶቭ ከተማ፣ በወህኒ ቤት ውስጥ በረኃብና በሕመም ተዳክመው አረፉ። ረኃብን ከምድር ለማጥፋት አምስት አህጉራትን የዞሩት ሰው ራሳቸው በረኃብ ሞቱ። ስማቸው ከተከሰሱበት ወንጀል ነጻ የሆነው በ1955 ነው። ወንድማቸው ሰርጌይ ከ1945 እስከ 1951 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩ የታላቅ ወንድማቸውን ሐዘን በልባቸው ይዘው ነበር።

የተራቡት ዘር ጠባቂዎች

የቫቪሎቭ ታሪክ በእርሳቸው ሞት አያበቃም። በ1941 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበበ። ከበባው ወደ 900 ቀናት የሚጠጋ ሲሆን፣ በከተማይቱ ውስጥ በረኃብ ያለቀው ሕዝብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። በምርምር ተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ግን በየመደርደሪያው ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ለውዝና አተር በጣሳ ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር። ሠራተኞቹ ይህንን በርዶ በተንሰራፋበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ከአይጥና ከሌባ በፈረቃ ጠበቁ፤ አንድም ጭብጥ አልቀመሱለትም። የሩዝ ክምችት ኃላፊ የነበሩት ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ተከበው በረኃብ ሞቱ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሹኪንም እንዲሁ። ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏቸው።

እነዚህ ሰዎች መሪያቸው በወህኒ እንደነበሩ ያውቃሉ፤ በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ግን አያውቁም ነበር። የጠበቁት ከኢትዮጵያ ገበሬ እጅ የተወሰደው ስንዴና ገብስ ጭምር ያለበትን ክምችት ነው። ስለዚህ የሌኒንግራዱ መሥዋዕትነት ለእኛም የተከፈለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘር በሣጥንና ዘር በመሬት

በአገራችን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማእከል የተቋቋመው በ1969 ዓ.ም. ግድም (እ.ኤ.አ. 1976) ነው። በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984 እና 1985) በደረሰው ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሊበላ በተገደደ ጊዜ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመራው የማእከሉ ባልደረባ በየገጠሩ እየዞረ ሊጠፋ የነበረውን ዘር ሰብስቦ አትርፏል። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። የቫቪሎቭ ሐሳብ በሐሳቡ አገር ቤት ሠራ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በሣጥን የተቀመጠ ዘር ለዘለዓለም አይኖርም። የቱንም ያህል ደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ የመብቀል ኃይሉ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል፤ በየጊዜው ወደ መሬት ተመልሶ መዘራትና መታደስ አለበት። ቫቪሎቭም ተቋማቸውን ሲያደራጁ ከመደርደሪያው ጎን ለጎን በልዩ ልዩ የአየር ጠባይ የሚዘራባቸውን የምርምር ጣቢያዎች ያቋቋሙት ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዘር ብቻውን አይራባም። ለአብነት ያህል የኑግ አበባ በገዛ ራሱ የአበባ ብናኝ አይፀንስም፤ ንብ ወይም ሌላ በራሪ ነፍሳት ከሌላ ተክል ብናኝ ካላመጣለት ፍሬ አይዝም። የማረቆና የመስቃን ገበሬ የሚተማመንበት በርበሬም ንብ ሲጐበኘው ፍሬው የተሻለ ይሆናል። ንቡ ግን ከእህሉ አበባ በፊትና በኋላ የሚቀስመው ሊኖረው ያስፈልጋል። በሳምንታት ብቻ አብቦ በሚያልፍ ማሳ ዓመቱን ሊኖር አይችልም። በዚህ ክፍተት ንቡን የሚይዙት የዱር አበቦች ናቸው። እነርሱም በሣጥን የሉም። ያሉት በአጥር ሥር፣ በቦይ ዳርና በጀፎረ ላይ ነው፤ ከነዚህም ስፍራዎች በየቀኑ በግንባታ እየጠፉ ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ ደጆች

ጀፎረን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በጉራጌ መንደር ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ በተሠሩት ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ሰፊ አረንጓዴ አውድ መንገድም፣ የግጦሽ መስክም፣ የመሰብሰቢያ አደባባይም ነው። በባህላዊ ሕግ ስለሚጠበቅ ማንም ወደ እርሱ አጥሩን አይገፋም። አባቶች መንገድን ሲቀይሱ ለሣሩና ለአበባው ስፍራ ትተው ነበር። እኛ ለከተማው ስንቀይስ ከዚህ የሚያንስ ነገር ልንተው አይገባም። ሁሉም ሰው ጀፎረ ሊኖረው ባይችልም በቅጥሩ ውስጥ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መደብ ግን አያጣም። ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዘሩን መሰብሰብ። የአደይ አበባና የመች ራስ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እየደረቀ ቡናማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ፣ ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀ በኋላ፣ በእጅ እየነጩ መልቀም ነው። ቫቪሎቭ በየማሳው ያደርጉ እንደነበረው ከአንድ ተክል ብዙ ሳይሆን ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይገባል፤ የዓይነቱ ብዛት የሚጠበቀው በዚህ ነው። አብዛኛውንም ለወፉና ለመሬቱ መተው ነው። የተለቀመው በጥላ ደርቆ፣ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ወርና ቦታ ጽፎ ማያያዝም አይዘነጋ።

ሁለተኛ፣ መደቡን ማዘጋጀት። ፀሐይ የሚያገኘውን ስፍራ መምረጥ፣ ሰርዶውን ከነሥሩ ማውጣት፣ አፈሩን ከጣት ርዝመት ብዙም ሳያሳልፉ ማላላት ይበቃል። ፍግም ማዳበሪያም አያስፈልግም፤ አፈሩ ሲወፍር ሣሩና አረሙ አበባውን ያሸንፉታልና። በበልግ ዝናብ የሚበቅለውን አረም አንድ ጊዜ አብቅሎ መንቀል የክረምቱን ድካም በግማሽ ይቀንሳል። በተለይ ቅንጬ አረምንና የወፍ ቆሎን ገና በለጋነታቸው ማጥፋት ይገባል፤ እነዚህ ከሌላ አህጉር የመጡና የአገሩን ተክል ከቦታው የሚያስለቅቁ ናቸው።

ሦስተኛ፣ መዝራት። በሰኔ ዝናቡ ሲረጋ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅሎ እንደ ጤፍ መበተን፣ ከዚያም ሳይቀብሩ በእግር ቀስ ብሎ መርገጥ ነው። ደቃቅ ዘር በጥልቅ ከተቀበረ ብርሃን ሳያይ ይቀራል። የማገጥ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አስቀድሞ በአሸዋ ቢታሽ ቶሎ ይበቅላል። በመደቡ ዳር ዳማከሴ መትከልም መልካም ነው። ንብ ይወደዋል፤ ለቤተሰቡም ለምች መድኃኒት ይሆናል።

አራተኛ፣ መታገሥ። አበባው ሲረግፍ መደቡ ደርቆ ያስቀይማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አጭዶ ያቃጥለዋል። ነገር ግን ያ የደረቀ ራስ ለዘር ለቃሚ ወፎች የበጋ ጎተራ ነው፤ ክፍት የሆነውም አገዳ ለጥቃቅን ነፍሳት መጠለያ ይሆናል። እስከ ጥር ድረስ ትቶ ከዚያ በኋላ ማጨድ ይገባል። ከመደቡም ጎን አንድ ክንድ የሚያህል ያልተቆፈረ ባዶ አፈር መተው ነው፤ ጣዝማን ጨምሮ ብዙዎቹ የንብ ዘመዶች ቤታቸውን የሚሠሩት በመሬት ውስጥ ነውና። በመደቡ አካባቢ ፀረ ተባይ መርጨት የተሠራውን ሁሉ ማፍረስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መች በእርሻ ውስጥ ሲገባ እውነተኛ አረም ነው፤ ገበሬው የሚነቅለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መደቡ ከጎረቤት የእህል ማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በመች ፈንታ አደይ አበባንና ማገጥን መምረጥ የመልካም ጉርብትና ደንብ ነው።

የሙያችን ድርሻ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሥራ ዝርዝራችን እንመለስ። አንድ የግል መደብ ስድስት ካሬ ሜትር ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ግን የሚገፍፈው አፈር በሄክታር ይቆጠራል። ያንን አፈር ከጥልቁ አፈር ሳይቀላቅሉ ለብቻ መከመር፣ ክምሩንም ዝቅ ያለ አድርጎ በተሽከርካሪ ሳያስረግጡ ማቆየት፣ ሥራው ሲያልቅ በመንገዱ ትከሻ ተዳፋትና በሕንፃው ቅጥር ላይ መልሶ ማልበስ ለማንኛውም ተቋራጭ የሚቻል ተግባር ነው። በሚቀጥለው ክረምት ማንም ሳይዘራው የአካባቢው አበባ ራሱ ይበቅላል፤ ሥሩም ተዳፋቱን ከጎርፍ ይይዛል። የሚያስፈልገው በሥራ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመርና ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ያንን መስመር እንደ ሌሎቹ ሁሉ ማስፈጸሙ ነው።

በየዓመቱ ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደየመንደሩ የሚጎርፈው ሕዝብ የሚገባው አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን ነው። ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ሰው ያንን አበባ ከመኪናው መስኮት ያየው ወይም አያየው እንደሆነ የሚወሰነው በአብዛኛው በእኛ ንድፍ ነው። ቫቪሎቭ ዘርን ከመላው ዓለም ሰብስበው ሕይወታቸውን ከፈሉለት፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውም በረኃብ እየሞቱ አንዲት ፍሬ አልነኩም። ከእኛ የሚጠበቀው እንደዚያ ያለ መሥዋዕትነት አይደለም። የገፈፍነውን አፈር መመለስ፣ በጥቅምት አንድ ከረጢት ዘር መልቀም፣ በሰኔም መዝራት ነው።